የጠራ ሥዕል መዘዝ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። በዚህ ዓለም ላይ ጎመን ብቻ የሚሠራ ሰው አለ። ገበሬ ማለቴ አይደለም፤ የገበሬማ ጎመን ቢያንስ ይበላል። እኔ የምላችሁ ሰው፣ አሮጌ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ያለ ጎመን ደብዝዞ ታየኝ ብሎ ቁጭ ብሎ፣ ቅጠሉን ከነጅማቱ፣ ጤዛውን ከነትሉ አሳምሮ የሚሥል ሰው ነው። እኔ ደግሞ ያንን ጎመን ከሰፈሬ ከፀዳ ተነሥቼ፣ ታክሲ ተጋፍቼ፣ ጎንደር ፒያሳ ድረስ ሄጄ በሃርድ ዲስክ ተሸክሜ ያመጣሁ ሰው ነኝ። ማንኛችን እንደምንብስ እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የጀመረው በየኔታ እግር ነው። የኔታ የባለቤቴ የየሺ አባት ናቸው። ከዛሪማ ወዲያ ባለች ደብር ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ስለሆኑ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም እንደ አገሩ። ዘንድሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና እግራቸው ተሰበረ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በአውቶቡስ ወጥተው ጎንደር መጡ፤ እግራቸው በጀሶ ታሸገ፤ እስኪጠግን ድረስም እኛ ቤት ዐረፉ። የእኛ ቤት አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ክፍል ነው። የእሳቸው ፍራሽ ሳሎን ተነጠፈ። የእኔም ኮምፒውተር ያለው ሳሎን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ የኔታ እኔን እንደማይወዱኝ ካላወቃችሁ የደረሰብኝ በደል በቅጡ አይገባችሁም። እኔ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ውስጥ የመንገድ ምልክት አስተማሪ ነኝ። ለየሺ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ የኔታ «ልጁ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሽማግሌዎቼም «ምልክት ያስተምራል» ብለው ይመልሳሉ። ውሸት አልተናገሩም። ግን እስኪ ፍረዱኝ፣ መሪጌታ ፊት ቁጭ ብሎ «ምልክት» ያለ ሰው ምን ያለ ይመስላል? የኔታ የዜማ ምልክት መሰላቸው! ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ የማስተምር፣ ድጓ ላይ አንገቴን ደፍቼ የምውል ሰው መሰልኋቸው። «ሸጋ! የኛው ሰው ነዋ» ብለው ልጃቸውን መርቀው ሰጡኝ። እኔ የማስተምረው «ወደ ግራ መታጠፍ ክልክል ነው» የሚለውን መሆኑ የታወቀው በመልሱ ዕለት፣ እንግዳ ሁሉ በተሰበሰበበት «በል እስኪ አማቻችን፣ አንድ አሰማን» ሲሉኝ ነው። ከዚያ ወዲህ የኔታ ከእኔ ጋር ያላቸው ንግግር «እንደምን አደርህ» እና «እንደምን ዋልህ» ብቻ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ቀን የእኔ አልነበረም።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። ኮሌጅ ሳለሁ የጀመርሁት ጨዋታ ነው። አንድ መንገደኛ ሆነህ አገር ላገር ትዞራለህ፤ ሰው ታነጋግራለህ፣ ተኩላ ትገድላለህ፣ የጠፋ ትፈልጋለህ፣ ሲቀናህ ትሾማለህ። አርጅቷል። የሰዎቹ ፊት በመጥረቢያ የተጠረበ ነው፤ ዛፉ ካርቶን፣ ውሃው ቆርቆሮ ነው። ድምፅ ማጉያዬም ከተበላሸ ስለቆየ ሁሉም በዝምታ ነው የሚሆነው። ግን ለምጄዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ቅድሚያ ስለ መስጠት አስተምሬ፣ አንድም ቅድሚያ የሚሰጠኝ አጥቼ ወደ ቤቴ ስገባ፣ ቀና ብሎ የሚያየኝ ሕዝብ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ተመልሼ ስጫወት ከኋላዬ «አንተ» የሚል ድምፅ መጣ።

ደነገጥሁ። «አቤት የኔታ!»

«ምነው ያንን ሽማግሌ እንደ ግንድ አለፍኸው?»

«የቱን ሽማግሌ?»

«ድልድዩ አጠገብ የተቀመጠውን ነዋ። ሰው ሰውን ሳይሳለም ያልፋል? የማን ልጅ ነው ይህ የምትነዳው?»

ተመልሼ አነጋገርሁት። ያንን ጨዋታ ስጫወት ስኖር አንድም ቀን አነጋግሬው አላውቅም ነበር። ሽማግሌው በቅሎ ጠፍታብኛለች አለ፤ እኔም እንግሊዝኛውን ለየኔታ ተረጎምሁላቸው። የኔታ ከፍራሻቸው ላይ ቀና አሉ። «ወደ ወንዙ ውረድ፤ በቅሎ ከውሃ አትርቅም» አሉ። ወረድን። በቅሎዋ ወንዙ ዳር ቆማለች! ለባለቤቷ መልሰን ስንሰጥ የኔታ እንደ ራሳቸው በቅሎ ደስ አላቸው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ጫማዬን ሳላወልቅ «በል ቶሎ በል፣ ያ መንገደኛ ሜዳ ላይ ዋለ» ይሉኛል። የሺ ወጥ እያማሰለች ታዳምጥና ዓይኗን ታሻለች። አባቷና ባሏ በአንድ ነገር ላይ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ያየችው ገና ያኔ ነው።

ጨዋታው ውስጥ ባለ አንድ መንደር መግቢያ ላይ ታዲያ አንድ ቤት አለ። እኔ ገብቼበት አላውቅም፤ የእኔ መንገደኛ ወደ ትልልቁ ከተማ የሚሮጥ ነበር። ጣሪያው ሾጣጣ ነው፤ ጫፉ ላይ የሆነ ነገር ተሰክቷል። በሩ ላይ ነጭ ነገር የታጠቀ ረጅም ሰው ዘንግ ተደግፎ ይቆማል። ከግድግዳው ሥር ድብልብል ያለ ነገር ተደርድሯል። የኔታ ባዩት ቀን ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ቤተ ክርስቲያን አላቸው እንዴ?»

በዚያች ሰዓት ተኩላ ከብቦኛል። ተኩላ የከበበው ሰው የሚመልሰውን መለስሁ። «ይሆናል የኔታ» አልሁ።

«ሸጋ! በሩ ላይ ያለው ዲያቆን ነው፤ መቋሚያውን አየኸው? ከበሮውንም ደጅ አውጥተውታል። በዓል ደርሶባቸው ነው።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍን ቁጥር የኔታ ጀሶ ያለበትን እግራቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ አማትበው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይሳለማሉ። እኔም ቆሜ እጠብቃለሁ። ተኩላ ቢመጣም እጠብቃለሁ።

እንግዲህ በዚህ ሰላም ላይ ምን ጎደለኝ? ምንም። ሰው ግን ሲጠግብ አያርፍም። የኔታ አንዳንድ ጊዜ «ይህ በግ ነው ወይስ ድንጋይ?» ይሉኛል። «በግ ነው» እላለሁ። «በግ ከሆነ ምነው ማዕዘን አለው?» ይላሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ይህን አገር ምነው ጭጋግ አይለቀው?» ይላሉ። እኔ ሞኙ አሰብሁ። አገሩን ጥርት አድርጌ ባሳያቸው፣ በጉን በግ ባደርገው፣ ያ የመልሱ ዕለት ይረሳልኛል አልሁ። «ልጄ» ይሉኛል ብዬም ተመኘሁ።

ፒያሳ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ የሚጭን ደሳለኝ የሚባል ወዳጅ አለኝ። አማከርሁት።

«ሞድ አስገባበታ!» አለኝ።

ሞድ ማለት ጨዋታውን የሠራው ድርጅት ያልሠራውን፣ ሌላ ሰው በትርፍ ጊዜው ሠርቶ በነፃ የሚያድለው ማሻሻያ ነው። አንዱ ሣር ይሠራል፣ አንዱ ፊት ይሠራል፣ አንዱ ፀሐይ ይሠራል፣ ያ የተባረከውም ጎመን ይሠራል። ነፃ የሚለው ቃል አታለለኝ። በነፃ የመጣ ነገር ዋጋውን ኋላ እንደሚያስከፍል ከወላጆቼ ሰምቼ ነበር፤ ግን ስለ ጎመን የሚያወሩ አልመሰለኝም።

ቤቴ ቁጭ ብዬ ላወርድ ሞከርሁ። ኔትወርኩ እንደ ሰርገኛ እያዘገመ ደርሶ፣ ፋይሉ ወርዶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ይጠፋል። መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ይጠፋል። ሁለቱ ተስማምተው አንድ ላይ የሚመጡት እኔ ሥራ ላይ ስሆን ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ በአጋጣሚ ነው አትበሉኝ። በመጨረሻ ሃርድ ዲስኬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ደሳለኝ ሱቅ ሄጄ አስጫንሁት።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ደረስሁ፤ መመሪያው! ይህን ከመጫንህ በፊት ያንን ጫን ይላል። ያንን ልጫን ስል፣ ያኛው የሚሠራው የወንድሙ ልጅ ካለ ብቻ ነው። የወንድሙ ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር አይስማማም። ይህ ጨዋታ ነው ወይስ የርስት ክርክር? ከሥር ደግሞ አስተያየት ሰጪዎች አሉ። አንዱ ዕድለ ቢስ «ጨዋታዬ አልከፈት አለኝ፣ እርዱኝ» ብሎ ይለምናል። ሌላው ብቅ ይልና «ለእኔ በደንብ ይሠራል» ብሎ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው! የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ «እኔ ደኅና ነኝ» ብሎ የሚመለስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሁሉንም ጫንሁና የኔታን «አሁን ይመልከቱ» አልኋቸው።

አገሩ ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ተከፈተ። ተራራው ሐምራዊ፣ ወንዙ ሐምራዊ፣ በጉ ሐምራዊ።

«ምነው?» አሉ የኔታ። «አገሩ ቀይ ሥር ውስጥ ተነከረ?»

አንዱን ፋይል አንሥቼ ሌላውን ከተትሁ። ቀለሙ ተመለሰ፤ የሰዉ ራስ ግን ሄደ። የበቅሎዋ ባለቤት አንገቱ ላይ ምንም የለም፤ ሁለት ዓይንና አንድ ረድፍ ጥርስ ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፈው ሰላም አሉን። የኔታ «እግዚኦ መሐረነ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጥቂት ቆይተው ግን ወደ ግድግዳው እንደ ዞሩ አዘኑልኝ መሰል፣ «አንተ፣ ትምህርት በፊደል ነው የሚጀመር» አሉ። «ፊደል፣ ንባብ፣ ዳዊት፣ ከዚያ ዜማ። አንተ ቅኔውን አስቀድመህ ፊደሉን አስከትለህ ይሆናል እንጂ ራስ የት ይሄዳል?»

ልቤ ተነካ። የአዋቂ ሰው ምክር ነው ብዬ ትንሹን ፊት፣ ትልቁን ኋላ አድርጌ ቅደም ተከተሉን እንዳሉኝ ገለበጥሁት። ሰማዩ መሬት ላይ ወደቀ። ደመናው ከእግራችን በታች ይሄዳል፣ በጎቹ ከላይ ይግጣሉ።

የኔታ አንድ ጊዜ ዞረው አዩና «እንዲያው ነው ያልሁህ፤ እኔ የማሽን መሪጌታ አይደለሁም» ብለው ተመለሱ።

ሰማዩን ወደ ቦታው ስመልስ ሣሩ አደገ። ያ ሣር የሠራ ሰው ከብት ያረባ ይመስለኛል፤ መንገደኛዬ ከነባርኔጣው ሰጥሞ ቀረ። ሣሩን ስቀንስ ደግሞ «እውነተኛ ሌሊት» የሚባል ሞድ ገብቶ ኖሮ አገሩ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። አስቡት እንግዲህ። ቤቴ መብራት የሚጠፋብኝ ሳያንስ፣ ያልጠፋበትን አገር ፈልጌ ሄጄ እኔው አጠፋሁት!

የሺ ከሥራ የገባችው በዚህ መሐል ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሞድ እያደረግሁ ነው።»

«ሙድ እየያዝህብኝ ነው?»

«ሙድ አይደለም፣ ሞድ ነው! ፀሐይዋን እየቀየርሁ ነው።»

ቦርሳዋን አስቀመጠች። «የኩሽናው አምፖል ተቃጥሎ ሽንኩርት በስልኬ መብራት ነው የምከትፍ። አንተ እዚህ ፀሐይ ትቀይራለህ?»

«ነገ እገዛለሁ» አልሁና ወደ ፀሐይዬ ዞርሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሳካልኝ። እንዴት እንደተሳካ አትጠይቁኝ፤ አላውቅም። ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፣ ጀርባው እንጀራ ያሞቃል፣ ሥዕሉ ግን! እዚያ ውስጥ ንጋት ነው። ተራራው ከጉም ውስጥ ጥርሱን አውጥቷል፤ ገደሉ ሥር ወንዝ ያብረቀርቃል፤ በጉ ጠጉር አለው፤ ጎመኑ ላይ ጤዛ ተንጠልጥሏል። የኔታ አንገታቸውን ወደ ሥዕሉ አሰገጉ።

«ይህማ የኛ አገር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከሊማሊሞ አፋፍ ቆመህ ቁልቁል ስታይ እንዲህ ነው። እጅህ ይባረክ።»

ሰማችሁ? እጅህ ይባረክ! ጆሮዬ እስኪግል ድረስ ደስ አለኝ። በዚህ ላይ ብዘጋው ኖሮ ዛሬ የተከበረ አማች ነበርሁ። ግን የተመሰገነ ሰው መቼ ያቆማል? «ይምጡ ወደ መንደሩ እንሂድ» አልሁ። ሄድን።

የኔታ ቤቱ ጋ ስንደርስ እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እግራቸውን ደግፈው፣ አማትበው ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ግን ዓይናቸው ፈዞ ቀረ። የእኔም ፈዘዘ።

ጣሪያው ላይ የተሰካው መስቀል አይደለም፤ የብረት አውራ ዶሮ ነው። ዲያቆኑ ነጭ ሽርጥ የታጠቀ፣ አፍንጫው እንደ በርበሬ የቀላ ሰውዬ ነው። መቋሚያው መጥረጊያ ነው። ከበሮዎቹ በርሜል ናቸው፤ ከአንዱ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ከበሩ በላይ ደግሞ ያ አሳማሪ ተብዬ፣ እጁ ይቆረጥና፣ አረፋው የገነፈለ ጃምቦ ሥሎ ሰቅሏል። ያንን ለማንበብ እንግሊዝኛ አያሻም።

«መጠጥ ቤት ነው» አሉ የኔታ።

መንገደኛዬን ወደ ኋላ መለስሁት።

«መጠጥ ቤት አሳለምኸኝ!»

«የኔታ፣ እኔ አላሳለምሁዎትም፤ ይሆናል ነው ያልሁት።»

«ይሆናል? በታቦት ይሆናል ይባላል? ያን ጊዜ ምልክት ነው አላችሁኝ፣ የማኪና ሆኖ ተገኘ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ነው አልኸኝ፣ ጠላ ቤት ሆኖ ተገኘ! አንተ ያሳየኸኝ ነገር መቼ ነው ያልኸውን ሆኖ የሚገኝ?»

እኔ ነኝ ሽማግሌዎቹን ያናገርሁ? እኔ ነኝ ጃምቦውን የሣልሁ? ስንት ቀን ሙሉ ዓይኔ ቀልቶ አገር ያቀናሁት እኔ ወንጀለኛ፣ ቤቱን አደብዝዞ ቤተ ክርስቲያን ያስመሰለው ድርጅት ንጹሕ! ይህን ሁሉ በልቤ ነው ያልሁት። በአፌ ያልሁት «ይቅርታ የኔታ» ብቻ ነው። የሺ ነገሩን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ጨለማው ኩሽና ገባች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። የምታለቅስ እንዳይመስላችሁ።

የኔታ ግን «ሰኞ መናኸሪያ አድርሱኝ፣ አገሬ እገባለሁ» ሲሉ ሳቋ ቆመ። ከኩሽና ወጥታ ጎተተችኝ።

«አባቴ ከነጀሶው ሊማሊሞን ሊወርድ ነው? ነገሩ በአንተ ፀሐይ ነው የመጣ፤ አንተው አብርደው!»

እሑድ የኔታ በራዲዮ ቅዳሴ አዳምጠው እህል እስኪቀምሱ ጠብቄ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ሞዶቹን ላጠፋቸው ነው። አገሩ ይደብዝዝ፣ በጉ ማዕዘን ያውጣ፣ ጎመኑም ይድረቅ። ልሰርዝ ስል ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እንደ ድሮው ልመልሰው ነው የኔታ። እንዳይታይ።»

«እንዳይታይ ስታደርገው መጠጥ ቤትነቱ ይቀራል?»

አሰብሁ። «አይቀርም።»

«እንግዲያ ግባ።»

«የት?»

«ቤቱ ውስጥ ነዋ! ደጁን ስሳለም የከረምሁበትን ቤት፣ ውስጡን ሳልገሥጽ ልሂድ?»

ገባሁ። ሰካራሞቹ በየጠረጴዛው ተቀምጠው ይጎነጫሉ። የኔታ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ስለ ስካር፣ ቤት ስለምትጠብቅ ሚስት፣ ስለ ሰንበት፣ በመጨረሻም ደጅ ስለተጋደመው ሰው ተናገሩ። እንዲህ ያለ ተግሣጽ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ቁልፉን ሳልነካ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ፤ የአንዳንዱ ቃል መንገድ ወደ እኔም የታጠፈ መሰለኝ። የሺ ሽንኩርትና ቢላዋ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

ያኔ አንዱ ሰካራም ብርጭቆውን አስቀመጠ። ተነሣ። በመካከላችን አልፎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ወጥቶ ሄደ።

የኔታ እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቀረ። «አየኸው?» አሉ። «አንዱ ሰማ!»

በዚያ ጨዋታ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ይህን ላስረዳ አፌን ከፈትሁ። የሺ ቢላዋዋን እንደያዘች አየችኝ። አፌን ዘጋሁ።

«አየሁት የኔታ» አልሁ። «ስለ ነገውስ እንዴት እናድርግ? ለመናኸሪያው በማለዳ ባጃጅ ልጥራ?»

የኔታ የቀሩትን ሰካራሞች አንድ በአንድ በጣታቸው ጠቆሙ። ከዚያ እንደማይገባው ተማሪ አዩኝ።

«እነዚህን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አሉ። «በል ወደዚያኛው ጠረጴዛ ጠጋ አድርገኝ።»